የኬጂ ልጆች ትንፋሽ፦ የጎንደር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ኬጂ ውስጥ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስለማስተምር ወላጆች የሚያገኙኝ በር ላይ ነው። በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ልጅ ይዘው፣ ባጃጁ እያስቸኮላቸው "አንድ ነገር ልጠይቅህ" ይሉኛል። በዚያች አንድ ደቂቃ ጀምሬ ሳልጨርሰው የቀረሁትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። የማወራው ከ3 እስከ 6 ዓመት ስላሉ ልጆች ብቻ ነው።

"የልብና የሳንባ ብቃት" የምትለው ነገር ለአራት ዓመት ልጅ ምን ማለት ነው?

ኳስ ሜዳ ላይ "ትንፋሽ አለው" የምንለው ነገር ነው። ሳንባ አየር ያስገባል፣ ደም ኦክስጅኑን ይቀበላል፣ ልብ ደሙን ይገፋል፣ ጡንቻ ይጠቀምበታል። ይህ ቅብብሎሽ ሳይዝል ምን ያህል ይዘልቃል የሚለው ነው ብቃት የሚባለው።

የሕፃን ልብ ትንሽ ናት። ያዋቂ ልብ በእረፍት ጊዜ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ትገፋለች፤ የአራት ዓመት ልጅ ልብ የዚያን ግማሽ እንኳ አትገፋም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መምታት አለባት። ነቅቶ ተረጋግቶ የተቀመጠ የዚህ ዕድሜ ልጅ ልቡ በደቂቃ ከ80 እስከ 120 ጊዜ ይመታል፤ በደቂቃ ከ20 እስከ 28 ጊዜ ይተነፍሳል። ሲሮጥ ደግሞ የልቡ ምት ወደ 200 ሊጠጋ ይችላል። ከአባሮሽ በኋላ ደረቱ ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ "ልቡ ሊወጣ ነው" የሚያሰኘው ድለቃ በጤነኛ ልጅ ላይ ያለ ነው። ሰዓት ይዞ ምቱን መቁጠር ለወላጅ ጭንቀት እንጂ ሌላ ነገር አይጨምርም። እኔ የማየው ስንት እንደመታ ሳይሆን ልጁ ቆም ብሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጨዋታው መመለሱን ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቶሎ የማገገም ችሎታቸው እኛን አዋቂዎቹን ያስቀናል።

ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበልጣሉ?

በር ላይ ብዙ የምከራከርበት ጥያቄ ይሄ ነው። አጭሩ መልስ፦ በአማካይ ጥቂት ይበልጣሉ። በዚህ ዕድሜ በተደረጉ የምልልስ ሩጫ (በሁለት መስመሮች መካከል እየተመላለሱ መሮጥ) መለኪያዎች ወንዶቹ ትንሽ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ነገር ግን የአንድ ክፍል ልጆችን ብናሰልፍ በሴቶቹ መካከል ያለው መበላለጥ፣ በወንዶቹም መካከል ያለው እንደዚያው፣ በሁለቱ አማካይ መካከል ካለው ልዩነት በጣም ይሰፋል። ዕድሜም አለ። በአንድ ክፍል አራት ዓመት የሞላትና አምስት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ፤ በዚህ ዕድሜ ያ ልዩነት ከፆታ የበለጠ ይናገራል።

ከሰውነት አኳያ ትልቁ ልዩነት ገና አልመጣም። ሂሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው፣ ከጉርምስና በፊት በሴትና በወንድ ያው ነው። የወንዱ ጡንቻ የሚገዝፈውም ጉርምስና ሲመጣ ነው። አሁን ያለው ሴቶቹ በመጠኑ ከፍ ያለ የሰውነት ስብ መያዛቸው ነው፤ ሲሮጡ የሚሸከሙት ክብደት ስለሆነ ጥቂት ይቆጠራል።

የቀረው የእኛ ሥራ ነው። በብዙ አገር እንቅስቃሴ መቁጠሪያ ታስሮላቸው የተጠኑ የዚህ ዕድሜ ልጆች ውስጥ ወንዶቹ በአማካይ የበለጠ ሲንቀሳቀሱ ተገኝተዋል። ለምን እንደሆነ የእኛን በረንዳ ማየት ይበቃል። ወንዱ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ "አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!" ብለን መልሰን እንለቀዋለን። እሷ ስትወድቅ ቀሚሷን አራግፈን ጭናችን ላይ እናስቀምጣታለን። አያት ደግሞ ከጓዳ "ሴት ልጅ አይደለሽ እንዴ? አርፈሽ ቁጭ በይ!" ትላለች። በቀን አሥር ጊዜ፣ ለሦስት ዓመት፣ ይህን የሰማች ልጅ ኬጂ ስትገባ ሩጫ የእሷ ጉዳይ አይመስላትም። ከዚያ እኔ መስመር ላይ አቁሜ ስለካቸው ወንዶቹ ይበልጣሉ፤ እኛም "አላልናችሁም?" እንላለን።

የእኔዋ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ናት። ደካማ ሆና ነው?

መጀመሪያ ጫማዋን ይዩ። አልቀለድኩም።

አንዲት አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ባስሮጥናቸው ቁጥር ከመጀመሪያው ምልልስ በኋላ ትቆማለች። መምህሯ "እሷ ትንፋሽ የላትም" ብላ ነግራኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ብዙ ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከጎኗ ሆኜ ስሮጥ ወደ ታች አየሁ። ጫማዋ ሁለት ቁጥር ይሰፋታል። "ለከርሞም ይሆናታል" ተብሎ ነው የተገዛው፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። እንዳይወልቅባት ጣቶቿን ቆልምማ፣ እግሯን መሬት ለመሬት እየጎተተች ነው የምትሮጠው። በዚያ ላይ ዕለቱ የበዓል ዋዜማ ስለነበር እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጫፉን በግራ እጇ ሰብስባ ይዛለች። አንድ እጅ ቀሚስ ይዞ፣ አሥር ጣት ጫማ ይዞ ማን ይሮጣል? ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረግንላት፣ ጫማዋን አወለቅንና ሣሩ ላይ ለቀቅናት። አንደኛ አልወጣችም፤ ግን ሌሎቹ ማለክለክ እስኪጀምሩ ድረስ አልቆመችም።

ባዶ እግር የምለው ንጹሕ ሣር ወይም ምንጣፍ ላይ ነው። ሰው የሚጸዳዳበት አፈር ላይ ባዶ እግር መሄድ የመንጠቆ ትል ያስይዛል፤ ትሉ በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ ደም ይመጥጣል፤ ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ ትንፋሹ ያጥራል።

በቀን ምን ያህል መንቀሳቀስ አለባቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ባወጣው መመሪያ መሠረት 3 እና 4 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ከዚያ ውስጥ 60ው ደቂቃ ሞቅ ያለ፣ ቁና ቁና የሚያስተነፍስ መሆን አለበት። መመሪያው ለሴት ሌላ፣ ለወንድ ሌላ ቁጥር አልሰጠም። ዕድሜው አምስት ከሞላ በኋላ ልኩ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲባል ይደነግጣሉ። ግን ሙሉ ቀኑን ተበታትኖ የሚደመር ነው። መሮጡ፣ ደረጃ መውጣቱ፣ እናት ስትጠርግ እግሯ ሥር መንከራተቱ፣ እስክስታው፣ ሁሉም ይቆጠራል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ከአልጋ ተነስቶ ኮንትራት ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወርዶ ወንበር፣ ከወንበር መልሶ ባጃጅ፣ ቤት ገብቶ ሶፋና ቴሌቪዥን። ያው መመሪያ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የሚጠፋው ጊዜ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። እንቅልፍም ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያስፈልጋል። ጠዋት 12፡30 የሚቀሰቀስ ልጅ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ተኝቶ መገኘት አለበት ማለት ነው። የምሽቱን ድራማ አብሮን የሚጨርስ ልጅ በማግስቱ እኔ ጋ ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

ልጄ ትንሽ ሮጦ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሳል። ይሄ ድካም ነው?

አይደለም፤ ሕፃን የተፈጠረው እንደዚያ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ6 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን እንቅስቃሴ በሰከንድ እየቆጠረ የተከታተለ ጥናት ነበር። ልጆቹ ከሞከሯቸው ብርቱ እንቅስቃሴዎች ውስጥ አብዛኞቹ 15 ሰከንድ እንኳ አልሞሉም። ከእነዚህ የሚያንሱት ደግሞ የባሰ ብጥስጥስ ናቸው። ሮጥ፣ ቆም፣ ጉንዳን ማየት፣ እንደገና ሮጥ። ስለዚህ "ና አብረን ግማሽ ሰዓት ሶምሶማ እንሩጥ" ማለት ያዋቂ ሐሳብ ነው። አባሮሽ፣ አኩኩሉ፣ ሌባና ፖሊስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ ግን ለዚህ አተነፋፈስ ልክ ተሰፍተው የተሠሩ ይመስላሉ፤ ሩጫውም እረፍቱም በጨዋታው ውስጥ አለ።

ጎንደር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ከፍታው ልጆቹን አያደክማቸውም?

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰው በአንድ አምስተኛ ያህል፣ ከዚያም በጥቂት ይበልጥ ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ላደገ ልጅ ግን ይህ የተለመደ አየር ነው። እንዲያውም በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የደማቸው ሂሞግሎቢንም የሚይዙት ኦክስጅንም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቶ ተመራማሪዎችን አስገርሞ ነበር።

ከመተማ ቆላ ለበዓል የመጣ የአክስት ልጅ ግን ለጥቂት ቀናት ቶሎ ቢያለከልክ ያለ ነው። አይግፉት፤ ይለምዳል። ለእኛ ልጆች ከከፍታው ይልቅ ዳገቱ ነው ሥራ የሚያበዛው፤ ከቀሃ ወንዝ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚወጣ የአምስት ዓመት ልጅ የዕለቱን ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ ጥሩ አድርጎ ጀምሮታል። "እሽኮኮ በለኝ" ሲል እሺ የምንለው እኛ ነን።

ትምህርት ቤት ትንፋሻቸውን መለካት ይቻላል?

ይቻላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ20 ሜትር ርቀት የተሠመሩ ሁለት መስመሮች መካከል በድምፅ ምልክት መመላለስ የሚባለው መለኪያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው። ለትልልቆቹ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምራል፤ ለኬጂ ልጅ ይህ ገና ሲጀመር ማለቅ ነው። ስፔን ግራናዳ ውስጥ ፕሪፊት በሚል ስም ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ሲያስተካክሉት መነሻውን ወደ 6.5 ኪሎ ሜትር አወረዱት። ማለትም የመጀመሪያዎቹን ምልልሶች እያንዳንዳቸውን በ11 ሰከንድ ገደማ መድረስ ነው። በየደቂቃው ፍጥነቱ ላይ በሰዓት ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ሁለተኛው ማሻሻያ ደግሞ አዋቂ አብሯቸው እንዲሮጥ መደረጉ ነው።

የዚህን የሁለተኛውን ጥቅም በራሴ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ስሞክረው አሰልፌ፣ አስረድቼ፣ "ቢፕ ሲል ሩጡ፣ መስመሩ ላይ ቁሙ" ብዬ በጎን ቆምኩ። ቢፕ አለ። ሁሉም ሮጡ። መስመሩን አለፉ፣ ዥዋዥዌውን አለፉ፣ ዘበኛው ባይይዛቸው የውጭውን በር ያልፉ ነበር። ሁለቱ ብቻ መነሻው ላይ ቀርተዋል፤ አንደኛው ያለቅሳል፣ ሌላው ጫማውን ያስራል። ከዚያ ወዲህ አምስት ስድስት ልጅ ይዤ እኔ ከፊት፣ አንዷ መምህርት ከኋላ ሆነን እንሮጣለን፤ ፍጥነቱን የምንጠብቀው እኛ ነን፣ እነሱ የሚያዩት እኛን ነው። እኔም ላብ በላብ እሆናለሁ።

ውጤቱ የምልልሱ ብዛት ነው። ያንን ቁጥር ለትልልቆች በተሠራ ቀመር ሰውነት ወደሚጠቀምበት የኦክስጅን መጠን መለወጥ ለዚህ ዕድሜ አያስተማምንም፤ እንዲያ የሚል ካርድ ቢሰጥዎ ብዙ አይመኑት። ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደርም ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ማየት ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ቀን ያለማምዷቸው፤ አለበለዚያ የምንለካው ትንፋሽ ሳይሆን ትእዛዝ መረዳትን ይሆናል።

አንድ ቅሬታም አለኝ። 20 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ያለው ኬጂ ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። አንድ ቦታ በገመድ ለክቼ 13 ሜትር ላይ ግድግዳ ገጠመኝ፤ ቀሪው ግቢ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እዚያው ለአራት ዓመት ልጅ ሦስት ገጽ የቤት ሥራ ይሰጣል።

ላብ ላይ እያለ ንፋስ ቢመታው አይታመምም? ምችስ?

ላብ ራሱ በሽታ አያመጣም። ጉንፋንም የሳንባ ምችም በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ተህዋስ ይመጣሉ፤ በሮጠ ልጅ ላይ ንፋስ ስለነፈሰ አይፈጠሩም። ምች የምንለው ከንፈር ላይ የሚወጣውም የቫይረስ ነው፤ ፀሐይና ትኩሳት ሊቀሰቅሱት ይችላሉ እንጂ ሩጫው አያመጣውም። እርጥብ ካናቴራ ይቀይሩለት፣ ውሃ ይስጡት፣ የቀትሩን ፀሐይ ያሳልፉት፣ ይበቃል። ከአያት ጋር አይጣሉ፤ ዳማከሴዋን ታዘጋጅ፣ ልጁ ግን ይሩጥ።

መቼ ነው ወደ ሐኪም መሄድ ያለብኝ?

እዚህ ላይ ሁሉንም ቀልድ ትቻለሁ።

እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ በዕለቱ ይታይ። ሲጫወት ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ፣ በተለይ ሮጥ እያለ ቁጢጥ ብሎ ትንፋሹን የሚሰበስብ ልጅ ከውልደት ጀምሮ የልብ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ተቀምጦም የሚያለከልክ፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ከእኩዮቹ ጋር እኩል መጫወት ችሎ የነበረና ያቆመ፣ ክብደቱ አልጨምር ያለውም እንዲሁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ካስፈለገ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ይልኩዎታል።

ከሩጫ በኋላና ሌሊት የሚያስለው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ አስም ሊሆን ይችላል። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በአግባቡ ከያዘ መሮጥ ይችላል፣ መሮጥም አለበት። ቤቱን ግን ይመልከቱ፦ አንድ ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ ከሰል ላይ ጀበና፣ እጣን ከላይ። ቡናው ይቅር አልልም፤ በሩ ይከፈት፣ ልጁም ውጭ ይጫወት።

የታችኛው የዓይኑ ሽፋን ውስጡና መዳፉ የነጣ፣ አፈር የሚበላ ልጅ ደም አንሶት ሊሆን ይችላል። በቀላል ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። ቁርስ ላይ ሻይ በዳቦ የለመድነው ነገር እዚህ ይጎዳል፤ ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዛል። ሻዩን አስቀርቶ በሶ ወይም ገንፎ፣ ምሳ ላይ ምስር ወይም ሽሮ፣ ከጎኑ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጠብ ያለበት ጎመን ይሻለዋል።

ጉሮሮ ደግሞ በጣም አሳሳቢ ነው። "ቶንሲል ነው" ብለን የምናልፈው የጉሮሮ ቁስለት አንዱ ዓይነት በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በወቅቱ ካልታከመ የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልብ በሮችን ሊያበላሽ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው፤ የእኛ ኬጂዎች ደጃፉ ላይ ናቸው ማለት ነው። መከላከያው ሐኪም የሚያዘው እንደ ፔኒሲሊን ያለ መድኃኒት ነው። እንጥል ማስቆረጥ አይደለም። እንጥል የተቆረጠ ልጅ ባክቴሪያው እዚያው አለ፤ ላዩ ላይ የደም መፍሰስና የምላጩ ኢንፌክሽን ይጨመርበታል።

የምንኖረው አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው፤ አከራይዋም ግቢ ውስጥ ሩጫ አትወድም። ክረምቱስ?

ከሁሉም ጥያቄ እውነተኛው ይሄ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ሲብስ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ሙዚቃ መክፈት ይቻላል። እስክስታ ትከሻ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ሲጨፍር በሙሉ ሰውነቱ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ ድምፅ አያሰማም፤ አከራይም አይሰማም። ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ሱቅ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፣ በእግሩ፣ ቀድሞዎት እየሮጠ። በበጋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለች ሜዳ ትበቃለች። ወንዱን "ውጣ ተጫወት" ሲሉ እሷንም ይላኩ፤ "እሷ ቡና ታቀራርብ" የሚለው ሰባት ዓመት እስኪሞላት መቆየት ይችላል። እሱም ቢያቀራርብ አይጎዳውም።

ሯጭ እንድትሆን ከአሁኑ ላሠልጥናት?

አገሩ የሯጭ አገር ስለሆነ ጥያቄው አይገርመኝም። ከጉርምስና በፊት ትንፋሽ በሥልጠና የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ከሚጨምረው ያነሰ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅን በሰዓት ማስሮጥ የሚያተርፈው ሩጫን መጥላት ነው። አሁን የምትማረው መዝለል፣ መወርወር፣ ዞር ብሎ ማምለጥ፣ ወድቆ መነሳት ነው። ክለቡ አሥር ዓመት ሲያልፋት ይደርሳል። የስፖርት ልብስ ልገዛላት ካሉ ግን በመጀመሪያ ልኳ የሆነ ጫማ ይግዙላት፤ የከርሞውን ለከርሞ።